«ሰብር አድርጊ» ማለት ሥልጠና ይሆናልን?

ዛሬ ስለ አንድ ሥልጠና ላጫውታችሁ ነው። «የነርሶች ሥልጠና ለእኛ ለቤተሰብ ምናችን ነው?» እንዳትሉኝ። ልጅ ያለው ሁሉ አንድ ቀን ከነርስ ፊት ይቆማል። ልጁ ከሌሎች ልጆች የተለየ ሆኖበት የተጨነቀ ወላጅ ደግሞ ከሐኪሙ ይልቅ የነርሷን ፊት ነው ቀድሞ የሚያነበው።

ባለፈው ዓመት በአንድ አዳራሽ ለነርሶች በተዘጋጀ የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ከኋላ ወንበር የመቀመጥ አጋጣሚ አግኝቼ ነበር። ርእሱ ኦቲዝም ያለባቸውን ሕፃናት ለሚንከባከቡ ነርሶች የሚሰጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ ነበር። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ግድግዳው ላይ ይበራል፤ አሠልጣኙ ያነባል፤ ሠልጣኙ ይገለብጣል። በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ እጇን አነሣች። «ልጁ መርፌውን ሲያይ መሬት ላይ ይወድቃል፤ ጆሮውን ይደፍናል፤ አንዳንዴም ይነክሰኛል። እናቱ ታለቅሳለች። ከበር ውጭ ሌላ 40 ሰው ይጠብቀኛል። እኔ ምን ላድርግ?» አለች። አሠልጣኙ ጥቂት አሰበና «ባለሙያ ታጋሽ መሆን አለበት፤ ሙያው ትዕግሥትን ይጠይቃል» ሲል መለሰ። ከዚያም ወደሚቀጥለው ገጽ አለፈ። ሴትዮዋ ማስታወሻዋን ዘጋች። ሻይ ቀረበ። በመጨረሻም አበል ተከፈለ፤ የምስክር ወረቀት ታደለ።

እንግዲህ ትችቴ የሚጀምረው ከዚያች ከተዘጋች ማስታወሻ ነው።

ሰብርን የሚያህል ነገር እንደሌለ ማንም ሙስሊም ያውቃል። ነገር ግን ቃሉን አፍ ማዘጊያ ስናደርገው ዋጋውን እናረክሰዋለን። ነቢዩላህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ.) መልካም ትዕግሥትን የያዙ ሰው ነበሩ፤ እኚሁ ነቢይ ግን በዩሱፍ ናፍቆት ሲያነቡ ዐይናቸው እስኪነጣ መድረሱን ቁርኣን ይነግረናል። ሐዘናቸውንና ጭንቀታቸውን ወደ አላህ (ሱ.ወ.) አሰሙ እንጂ ሐዘን የለብኝም አላሉም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት እንባቸው ፈስሷል። ታዲያ የሚነክሳትን ልጅ ይዛ፣ የምታለቅስ እናት ከጎኗ ሆና፣ ወረፋ የሚጠብቃትን ነርስ «ታገሺ» ብሎ ማለፍ ከየት የመጣ ትምህርት ነው? «ምን ላድርግ» ብላ የጠየቀችው የእጅ ሥራ ነው። የተሰጣት መልስ ግን ተግሣጽ ነበር።

ኦቲዝም ምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከአእምሮ አስተዳደግ ጋር የተያያዘና ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ ሁኔታ ነው። ልጁ በስሙ ሲጠራ ላይዞር፣ የሚፈልገውን በጣቱ ላያሳይ፣ ዐይን ለዐይን መተያየትን ሊሸሽ ይችላል። አንድን እንቅስቃሴ ይደጋግማል፤ የለመደው ሥርዓት ሲፈርስበት ይጨነቃል። ለሌላው ተራ የሆነ ድምፅ፣ ብርሃን ወይም ንክኪ ለእርሱ ሕመም ሊሆንበት ይችላል። አንዱ ጨርሶ አይናገርም፤ ሌላው አጥርቶ ይናገራል፤ ስለዚህ አንዱን ልጅ አይቶ ሌላውን ማወቅ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። ክትባት ያመጣዋል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1998 ያንን ፍርሃት የዘራው የ12 ሕፃናት ጽሑፍ በ2010 ላንሴት ከተባለው የሕክምና መጽሔት ተሰርዟል። ይህን ያነሣሁት ክትባት የምትሰጠዋ ነርስ ራሷ ጥያቄው ስለሚቀርብላት ነው።

እናትን መውቀስ የእኛ የድሆችና የገጠሬዎች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ 11 ሕፃናት ጽፎ ኦቲዝምን ለሕክምናው ዓለም ሲያስተዋውቅ ስለ ወላጆቹ ቅዝቃዜ አንሥቶ ነበር። ከእርሱ በኋላ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ጥፋቱን በእናቶች ፍቅር ማጣት ላይ ጫነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ስንት እናት «ልጅሽን ያልወደድሽው አንቺ ነሽ» እየተባለች ተሰበረች! ይህን ካፈረሱት መካከል በርናርድ ሪምላንድ አንዱ ነው። እርሱ ራሱ ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት ነበርና እ.ኤ.አ. በ1964 በጻፈው መጽሐፍ ጉዳዩ የአካል እንጂ የእናት ፍቅር ጉዳይ አለመሆኑን ተከራከረ። ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ከወቀሳ የጸዳ አይደለም ማለቴ ነው። ሥልጠና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት ክሊኒኮች የኦቲዝምና መሰል የእድገት ችግር ያለባቸው ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን ጠይቆ ነበር። መልሳቸው የተቀላቀለ ነው። ከአንድ አፍ በወሊድ ጊዜ ስለደረሰ ጉዳትም፣ ስለ መንፈስም፣ ስለ ኃጢአት ቅጣትም ይነገራል። ሐኪም ዘንድም ሄደዋል፣ ወደ ሃይማኖት ስፍራም ሄደዋል። እኔን ያስቆመኝ ግን ሌላ ነው። ኑሮውን ለመቋቋም ምን እንደረዳቸው ሲጠየቁ ከጠቀሱት መካከል ከጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር አንዱ ነበር። መድኃኒት አላሉም፤ መነጋገር ነው ያሉት! እንግዲህ ያቺ ነርስ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የምትናገረው ቃል ለእናቲቱ ስንቅ ነው። ቃሉ ደግሞ መራራ ሊሆንም ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። በአገራችን እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አለ። በአንድ ቀበሌ ሁለት ወጣት ሴቶች የአንድ ዓመት ትምህርት ወስደው ከቤት ቤት ይዞራሉ። ለእነዚህ ሠራተኞች ስለ አእምሮ ጤና ሥልጠና ተሰጠ። ከእነርሱም ለተወሰኑት በተጨማሪ ስለ ሕፃናት የእድገት ችግር በቪዲዮ የተዘጋጀ ትምህርትና የኪስ መመሪያ ተጨመረላቸው። ተመራማሪዎች መሠረታዊውን ብቻ የወሰዱ 104፣ ተጨማሪውን የወሰዱ 97፣ ምንም ያልሠለጠኑ 108 ሠራተኞችን አነጻጽረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 «ኦቲዝም» በተሰኘው የጥናት መጽሔት አወጡት። የሠለጠኑት ስለ ልጆቹ ያላቸው ክፉ አመለካከት ቀንሶ፣ ልጆቹን መራቅም ቀንሶ ተገኘ። በቪዲዮ የተማሩት ደግሞ ከሌሎቹ በለጡ። አልሐምዱሊላህ! በአጭር ሥልጠና ይህን ያህል መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሥልጠና ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ሰው ይህን ያንብብ።

ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ አንድ እሾህ አለ። በቪዲዮ የሠለጠኑት ስለ ልጆቹ መጻኢ ዕድል ያላቸው በጎ ተስፋ ጭራሽ ካልሠለጠኑት ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉልኝ! ፍርሃቱን አጠፋንላቸው፤ ከፍርሃቱ ጋር ተስፋውም አብሮ ወጣ።

ለፍትሕ ያህል፣ ያልሠለጠነችው ሠራተኛ ተስፋ «ሲያድግ ይተወዋል» የሚል ካለማወቅ የመጣ ተስፋ ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም በመድኃኒት የሚድን ሕመም አይደለምና ሠልጣኟ ያንን ስትሰማ የሐሰት ተስፋዋ ቢፈርስ የሚያስነቅፍ አይደለም። እኔ የምነቅፈው ሌላ ነው። የሐሰቱን ተስፋ ያፈረሰ ሥልጠና እውነተኛውን ተስፋ ካልተከለ ሥራውን ግማሽ ላይ አቁሞታል። «አይድንም» የሚለውን ቃል ይዛ ወደ አንድ ጎጆ የምትገባ ሠራተኛ «ሊማር ይችላል፤ ሊግባባ ይችላል፤ ልብሱን ራሱ ሊለብስ ይችላል» የሚለውን ካልያዘች እናቲቱ የምትሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ በሩ ይዘጋል። ልጁም ከዚያ በር ጀርባ ይቀራል።

እውነተኛው ተስፋ ደግሞ በወሬ ያለ አይደለም፤ በዚሁ በአዲስ አበባ ታይቷል። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ራሳቸው ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም እስከተለዩበት ጊዜም ስለ እነዚህ ልጆች በአደባባይ ከመናገር አላረፉም። የእኛኑ ፊደል መሠረት አድርገው ንባብ የሚያስተምር «አቡጊዳ» የተባለ ዘዴም አዘጋጅተዋል። እንግዲህ «አይማርም» ለተባለ ልጅ የፊደል ገበታ የዘረጉ እናት ነበሩን ማለት ነው። የነርሶች ሥልጠና ሲዘጋጅ እንዲህ ዓይነት እናቶች ሻይ ከመጠጣት በቀር ለምን አይጠሩም? ከመድረኩ ላይ ተቀምጠው ቢያስተምሩ ምን ይጎድላል? ከሃያ ስላይድ አንዲት ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተኛች እናት ትበልጣለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና አለ፤ በእኛም አገር በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል። ዘጠኝ የጋራ ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት አለው፤ የአሳዳጊውን የራሱን ደኅንነትም ይመለከታል። እኔ ከይዘቱ ይልቅ የወደድኩት አካሄዱን ነው። አሠልጣኙ ቤት ድረስ ይሄዳል። ልጁ በሚጫወትበት ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ እናቲቱ የምታደርገውን ያያል፤ ከዚያ በኋላ ነው ምክር። የአዳራሹ ሥልጠና ግን ልጁንም እናቲቱንም ሳያይ ያልቃል።

ከዚህ ሌላ፣ «የሥነ ልቦና ድጋፍ» ስንል ለማን ነው? ለልጁ ነው? ለእናቲቱ ነው? ወይስ ለነርሷ? በዚያች ትንሽ ክፍል ውስጥ ሦስት የተጨነቁ ነፍሶች አሉ። ልጁ ከጩኸቱና ከመድኃኒቱ ሽታ የተነሣ ተጨንቋል። እናቲቱ ሰው ሁሉ ስለሚያያት አፍራለች። ነርሷ ደግሞ ወረፋው እያየ ነው። ሥልጠናዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛዋን ይረሷታል፤ ካስታወሷትም «በጥልቀት ተንፍሺ፤ ጭንቀትሽን ተቆጣጠሪ» ይሏታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በተቀበለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ የሥራ መሰልቸትና መዛልን ሲገልጸው ሥር ሰድዶ መፍትሔ ካላገኘ የሥራ ቦታ ጫና የሚመጣ ነገር ነው ብሎ እንጂ በሽታ ነው አላለም። ጫናው የሥራ ቦታው ከሆነ ደግሞ ሥልጠናው ለነርሷ ብቻ ሳይሆን ለአለቃዋም ይገባል። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ከሙያ ጓደኛዋ ጋር ቁጭ ብላ «ዛሬ ልጁን በኃይል ያዝኩት፤ ልቤ አዘነ» የምትልበት ቦታ ያስፈልጋታል። ይህ ብዙ ብር አይጠይቅም። አበል የለውም እንጂ!

ለነርሷ የሚያስፈልጋት የእጅ ሥራ ምንድን ነው? ከልምድ ያወቁት ነርሶች የሚነግሯችሁ ቀላል ነገር ነው። ልጁን ወረፋ በሌለበት ሰዓት፣ በማለዳ ወይም በመጨረሻ መቅጠር። ከመንካት በፊት መሣሪያውን ማሳየትና ማስጨበጥ። በአጭር ቃል አንድ ነገር ብቻ ተናግሮ መልሱን መጠበቅ። ካርድ ክፍሉ ጋ የሚጮኸውን ድምጽ ማጉያ መዝጋት። በተቻለ መጠን ያው አንዷ ነርስ እንድትቀበለው ማድረግ። ከሁሉ በፊት ደግሞ እናቲቱን «ምን ያስፈራዋል? ምን ያረጋጋዋል?» ብሎ መጠየቅ። እናት ለዓመታት ያጠናችውን ልጅ ነርሷ በአንድ ቀን ልታውቀው አትችልም።

እስካሁን ሌላውን ስተች ቆየሁ፤ ወደ ራሳችን ደግሞ ልዙር። ከእኛ መካከል ልጁ አልናገር ሲል ወዲያው «ጂን ነው» ብሎ የሚፈርድ ብዙ ነው። ሩቅያን አልነቅፍም፤ የአላህ (ሱ.ወ.) ቃል ለልብ ፈውስ ነው፤ ዱዓም የሙእሚን መሣሪያ ነው። ነገር ግን በሩቅያ ስም ልጅን ማሰርና መምታት፣ በጭስ ማፈን ከየትኛው ሱና የተገኘ ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መታከምን ያዘዙ ነበሩ። ለእናቲቱ «ምን ሠርተሽ ነው?» የሚላት ጎረቤትም ከላይ ካነሣሁት ከቤተልሃይም በምን ይለያል? እርሱ በመጽሐፍ ያለውን ይህ በቡና ላይ ይለዋል፤ ሌላ ልዩነት የለውም።

መስጂዶቻችንስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሶላት አስረዝመው ሊሰግዱ አስበው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ፣ በእናቱ ላይ የሚያመጣውን ጭንቀት ስለሚያውቁ ሶላቱን ያሳጥሩ እንደነበር በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። እስቲ ይህን ሐዲስ ቀስ ብለን እናስበው። ልጁን አስወጡ አላሉም። እናቲቱን አልገሠጹም። የራሳቸውን ሥራ ነው ያሳጠሩት። ከዚህ የሚበልጥ የሥነ ልቦና ድጋፍ ትምህርት ማን ይሰጠናል? ከእኛ ሰፍ ግን አንድ እጁን የሚያራግብና ድምፅ የሚያሰማ ልጅ ሲገኝ አባቱን እንዴት እንደምናየው ሁላችንም እናውቃለን። አባትየው በሚቀጥለው ጁሙዓ ብቻውን ይመጣል። ከዚያም ከነጭራሹ ይቀራል።

ሙያው ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሩፈይዳ አል-አስለሚያ በመዲና በመስጂዱ ድንኳን ተክላ ቁስለኞችን ትረዳ እንደነበር፣ በኸንደቅ ዘመቻ የቆሰለው ሰዕድ ኢብኑ ሙዓዝም ወደ ድንኳኗ እንዲወሰድ መታዘዙን የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል። ድንኳኗ ከመስጂዱ አጥር ውጭ አልነበረም። ሴት ልጆቻችሁን ነርሲንግ የምታስተምሩ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ማታ ደክሟት ስትገባ የበላችውን ብቻ ሳይሆን የዋለችበትንም ጠይቋት።

የአዳራሹን ነርስ ከሥልጠናው በኋላ ባሰብኳት ቁጥር አንድ ያየሁት ነገር ይመጣብኛል። የጎረቤታችንን የሰባት ዓመት ልጅ ጆሮው አሞት ከእናቱ ጋር ወደ አንድ ጤና ጣቢያ ሸኝቻቸው ነበር። ልጁ አይናገርም። በሩ ላይ ሲደርስ መጮህ ጀመረ፤ እናቱ ሻርፗን ወደ ፊቷ ሳበች፤ ከወረፋው ውስጥ «ኧረ አስወጪው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ከውስጥ የወጣችው ሲስተር ልጁን አልያዘችውም። እናቱን በዝቅተኛ ድምፅ «እማማ፣ ምን ይወዳል?» ብላ ጠየቀቻት። «ብረት፤ ቀዝቃዛ ነገር» አለች እናቱ፣ ማንም ያንን ጠይቋት የማያውቅ መሆኑ ከድምፅዋ ያስታውቃል። ሲስተሯ ከአንገቷ ላይ የልብ ምት ማዳመጫውን አውልቃ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ከራሷና ከልጁ መካከል አኖረችው። ልጁ ቆይቶ አነሣው፤ ክቧን ብረት ጉንጩ ላይ ለጠፋት፤ ጩኸቱም ቀስ በቀስ ወደ ማጉተምተም ወረደ። ከዚያ በኋላ ነበር ጆሮውን እንድታይ የፈቀደላት። ሁሉም ነገር ሩብ ሰዓት ያህል ወሰደ። ከወረፋው አንድ ሽማግሌ ሰዓታቸውን እያዩ ያጉረመርሙ ነበር፤ ሲስተሯም ከመሬት ስትነሣ ወደ እሳቸው ዞራ «አባባ፣ ይቅርታ፤ እርስዎ ቀጣይ ነዎት» አለቻቸው።